ስንት ዓመት ልትነዳት ነው?

ሰው ለረጅም ጊዜ ሊያቆየው በማያስበው ነገር ላይ ምን ያህል ድካምና ገንዘብ ማፍሰስ ይገባዋል? ጥያቄው የፈላስፎች ቢመስልም እኔ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ በአንድ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ነው ያገኘሁት። የጠየቁኝም ሰው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ዓይናቸውን ከመኪናዬ ሞተር ሳያነሡ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ መኪና ነው። እኔ ግን መልሱን ለማግኘት ስለ ራሴ፣ ስለ ገዢና ሻጭ፣ በሰው አገር ስለ መኖርም ማሰብ ግድ ሆነብኝ።

መኪናዬ የ1993 ሥሪት፣ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ትንሽ የጃፓን መኪና ነበረች። ቆጣሪዋ 168 ሺህ ማይል ደርሷል። ሌሊት ከሥራ ስትመልሰኝ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ስትቀበልልኝ ኖራለች። በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት ግን ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ትለቅ ጀመር። በየስድስት መቶ ማይሉም አንድ ሊትር ያህል ዘይት መጨመር ነበረብኝ። በጋራዥ ቋንቋ «ዘይት መብላት» ጀመረች ማለት ነው።

የሞተር ሕመም እንደ ሰው ሕመም ምልክት አለው። ጥቁር ጭስ ቤንዚኑ በዝቶ በደንብ አለመቃጠሉን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ማቃጠያው ክፍል መግባቱን ይጠቁማል። ሰማያዊው የዘይት ጭስ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከአንድ በላይ መነሻ አለው። አድራ ስትነሣ ጥቂት አጭሳ የምትተው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቫልቮቹን አንገት የሚጠብቁት ትንንሽ ጎማዎች መድረቅ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ የምታጨስ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፒስተኖቹ ፋሻ ይሄዳል። ፋሻ ፒስተኑን እንደ ቀለበት የሚከብ ብረት ሲሆን፣ በአንድ ፒስተን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ይገኛል። ከላይ ያሉት ሁለቱ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ያግዳሉ። ሦስተኛው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን እየጠረገ ይመልሳል። የእኔዋ የምታጨሰው ዳገት ላይ ነበር።

መካኒኩ አዲስ አበባ ውስጥ በልጅነታቸው በረዳትነት ጀምረው በሙያው ያረጁ ሰው ነበሩ። እኔም እንደ ሌላው ሁሉ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። መንገዶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። አንደኛው የቫልቮቹን ጎማዎች ብቻ መለወጥ ነው፤ 400 ዶላር። ሁለተኛው ሲሊንደሮቹ ካልተበሉ ቴስታታውን ከፍቶ ፋሻዎቹን መለወጥ ነው፤ 1,150 ዶላር። ሦስተኛው ሞተሩን አውርዶ፣ ሲሊንደሮቹን በማሽን አስፍቶ፣ በግማሽ ሚሊሜትር የሰፋ ፒስተን ማስገባት ነው፤ 2,600 ዶላር። አራተኛው ከተጋጨ መኪና የወጣ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም ነው፤ 1,300 ዶላር። ይህን የመጨረሻውን ሲነግሩኝ «ማን እንዳሳደገው የማይታወቅ ሞተር ነው» ብለው አከሉበት። መኪናዋ ደኅና ሆና ብትሸጥ እንኳ ከ1,500 ዶላር በላይ አታወጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው «ስንት ዓመት ልትነዳት ነው?» ብለው የጠየቁኝ።

«ብዙም አልቆይም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና፣ «እኔ የጠየቅሁህ ስለ መኪናዋ ነው» አሉ።

መልሱ ከአፌ የወጣው ሳላስብበት ነበር። አሜሪካ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ለአሥራ አንዱም ዓመት ስለ ማንኛውም ነገር ስጠየቅ የምሰጠው መልስ ይኸው ነበር። ያችን መኪና በገዛሁባቸው ዓመታት ሁሉ ጎማ ሁለት ሁለት እንጂ አራት ገዝቼ አላውቅም፤ እነርሱም ያገለገሉ ነበሩ። በየሦስት ሺህ ማይሉ እቀይረዋለሁ ያልኩትን ዘይት ሰባትና ስምንት ሺህ ማይል አስነዳበታለሁ። «በሚቀጥለው ዓመት ለምትሸጥ መኪና» እያልኩ ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ግን በየዓመቱ ወደፊት ይሸሽ ነበር። የሄድኩበትም አገር የለም፤ የቆየሁበትም አገር ያለኝ አይመስለኝም ነበር።

ጋራዡን ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ጉዳዩን ያማከርኩት አንድ ወዳጄ አምስተኛ መንገድ አሳየኝ። «ወፍራም ዘይት ጨምርባት፤ ለጥቂት ሳምንታት ጭሱ ይቀንሳል። በዚያው ሽጣት» አለኝ። ምክሩ በሥራ ላይ የዋለ ምክር ነው። ወፍራም ዘይት በተበላ ፋሻ በኩል በቀላሉ አያልፍም፤ ድምፁንም ያለዝባል። የጎደለውን ብረት ግን አይመልስም። ገዢም አልጠፋም። በዲቪ ዕጣ ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው፣ የሌሊት ሥራ አግኝቶ መመላለሻ ያጣ ወጣት ነበር። መኪናዋን ስነግረው ሊያያትም አልፈለገም። «ጋሼ፣ እርስዎ የያዟት መኪና ምን ትሆናለች ብዬ!» አለኝ። ይህን ያለኝ መኪና ስለማውቅ አልነበረም። ቋንቋዬ ቋንቋው ስለሆነ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሁለት ቀን ሙሉ አመነታሁ። ራሴን የማባብልበት ሐሳብም አላጣሁም። እኔ አልዋሽም፤ ዝም ብቻ እላለሁ። መኪና እንዳለች የሚሸጥበት አገር ነው። ገዢው የራሱን መካኒክ ማምጣት ይችላል። ዓይኑን ጨፍኖ ቢገዛ የማን ጥፋት ነው?

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ በ44 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለልጁ ብሎ በጻፈው ስለ ግዴታዎች በሚናገረው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ይገኛል። አንድ ሰው ለጤና የማይስማማ፣ እንጨቱ የበሰበሰ ቤት ሊሸጥ ነው እንበል። ጉድለቱን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሳይናገር ቢሸጠው በደለ ወይስ አልበደለም? ሲሴሮ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጋን አለመናገር ከመደበቅ ይለያል፣ ሻጩ ማንንም ግዛ ብሎ አላስገደደም ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ይህ መንገድ የጠፋበትን ሰው ዝም ብሎ ከማየትም ይብሳል፣ ዐውቆ ሌላውን ማሳሳት ነውና ይላል። ሲሴሮ በመጨረሻ የሚፈርደው ከአንቲጳጥሮስ ጋር ነው። በእርሱ ፍርድ ዝምታ ሁሉ መደበቅ አይደለም። ሌላው ሰው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር ለራስህ ትርፍ ስትል እንዳያውቀው መፈለግ ግን መደበቅ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የወዳጄን ምክር መልሼ አየሁት። እኔ ልል ያሰብኩት ዝም ብቻ አልነበረም። ወፍራሙ ዘይት ራሱ ንግግር ነው። ሞተሩ በጭሱ የሚናገረውን እውነት ለሦስት ሳምንት አፉን የሚያስይዝ ንግግር ነው። ወጣቱ ደግሞ ከመካኒክ የበለጠ ያመነው ያገር ልጅነትን ነበር። በስደት ከተማ ይህ እምነት የሁላችን የጋራ ገንዘብ ነው። ሥራ የምንፈላለገው፣ ዕቁብ የምንጥለው፣ ልጅ የምንጠባበቀው በእርሱ ነው። እኔ 1,500 ዶላር አገኝ ዘንድ ከዚያ የጋራ ገንዘብ ልሰርቅ ነበር።

አምስተኛው መንገድ በዚህ ተዘጋ። አራቱ መንገዶች ግን ይቀሩ ነበር፤ መጠገንና አለመጠገንም ገና አልተወሰነም። ብዙ ሰው የሚከተለው ደንብ «ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ከተጠጋ ተዋት» የሚል ነው። ደንቡ ብልኅነት ይመስላል። ይሁን እንጂ «የመኪናዋ ዋጋ» የምንለው ነገር ምንድን ነው? አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ ጥናት አሳትሟል፤ በ2001ም ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። አሜሪካኖች ብልሹ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። በጥምቀት ዕለት ለወደዳት ልጃገረድ ሎሚ ለሚወረውር ሕዝብ ስድቡ እንግዳ ነው፤ የጥናቱ ሐሳብ ግን እንግዳ አይደለም። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም። ደኅናውን ከብልሹው መለየት ስለማይችል ለሁሉም የሚሰጠው የጥርጣሬ ዋጋ ነው። በዚህ ዋጋ መሸጥ የማያዋጣው የደኅና መኪና ባለቤት ከገበያው ይወጣል። የቀሩት ብልሹዎቹ ስለሚበዙ ዋጋው እንደገና ይወርዳል።

እንግዲህ 1,500 ዶላር የሚለው ቁጥር የእኔን መኪና ብቻ አይመዝንም። ከእኔ በፊት የሸጡ ሰዎች የዋሹት ውሸትና የገዙት ሰዎች የተማሩት ጥርጣሬ አብረው ተመዝነውበታል። ለማያውቃት ሰው ይህ ቁጥር ተገቢ መሪ ነው። ለእኔ ግን እንግዳ አይደለችም። የትኛው በሯ በብርድ እንደሚጠነክር፣ ማርሿ መቼ እንደሚያንገራግር ዐውቃለሁ። ለእኔ የሚገባው ጥያቄ በዚህ ገንዘብ ከእርስዋ የማገኘው አገልግሎት፣ በዚሁ ገንዘብ ከማላውቃት ሌላ መኪና ከማገኘው ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚል ነበር። ይህን ለማስላት ደግሞ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ የሞተሩ ትክክለኛ ሁኔታ ነው። ሌላው የእኔ የቆይታ ዘመን ነው።

ሁለተኛውን ስለማላውቀው ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ወደ ጋራዡ ተመልሼ «ጋሼ፣ ከመወሰኔ በፊት ይለኩልኝ» አልኳቸው። ካንዴላዎቹን ፈትተው በየቀዳዳው የኮምፕሬሽን መለኪያውን አሰሩ። አንደኛው ሲሊንደር 165፣ ሁለተኛው 160፣ አራተኛው 170 ፓውንድ በካሬ ኢንች አሳየ። ሦስተኛው 110 ብቻ ሆነ። ቀጥለው በሦስተኛው ውስጥ አንድ ማንኪያ ያህል ዘይት አፍስሰው እንደገና ለኩት፤ ወደ 150 ወጣ። ዘይቱ ለጊዜው በፋሻውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ደፍኖታል ማለት ነው። ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ይህን ያህል ባልተነሣ ነበር። በዚህ አንድ ፈተና ከአራቱ መንገዶች የመጀመሪያው ወደቀ። 400 ዶላር አውጥቼ የቫልቮቹን ጎማዎች ብቻ ባስለውጥ ኖሮ አዲስ እራፊ በአሮጌ ልብስ ላይ እንደ መስፋት ይሆንብኝ ነበር።

ቴስታታውና የታችኛው የዘይት ቋት ተፈቱ፤ ፒስተኖቹ ወደ ላይ ወጡ። ሲሊንደሮቹ ሲለኩ መበላታቸው ፋብሪካው ከፈቀደው ወሰን አላለፈም ነበር። ስለዚህ ማስፋት አያስፈልግም። በሦስተኛው ፒስተን ላይ ያለው የዘይት ፋሻ ግን በደረቀ የዘይት ጥላሸት ተጣብቆ በቦይው ውስጥ አልንቀሳቀስ ብሏል። ጋሼ በጥፍራቸው ሊያነሡት ሞክረው አልቻሉም። «ይህ እርጅና አይደለም፤ ዘይቱ በጊዜው አለመቀየሩ ነው» አሉኝ።

እኔ «መኪናዋ አረጀች» እያልኩ ነበር። እርጅና የማንም ጥፋት ስላልሆነ ቃሉ ይመቻል። ያጣበቀው ግን «በሚቀጥለው ዓመት» የሚለው የእኔ ቃል ነበር። አንድን ነገር ጊዜያዊ ነው ብለን ስንይዘው፣ በዚያ አያያዛችን ዕድሜውን እናሳጥረዋለን። ሲያልቅም «አላልኳችሁም? ድሮም የሚቆይ አልነበረም» እንላለን። ትንቢቱን የሚፈጽመው ተንባዩ ራሱ ነው። መኪናውን አነሣሁ እንጂ በጊዜያዊነት ስም ያደረቅናቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። «እስክንሄድ ድረስ» በሚል የተጀመሩ ማኅበሮች፣ «አገር ስንገባ ይማሩታል» ተብሎ ለልጆች ሳይነገር የቀረ ቋንቋ፣ ለጎረቤት ያልተሰጠ ሰላምታ አሉ።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው የድሀ ተቃውሞ ነው። በየወሩ ለእናቱ መድኃኒት የሚልክ ሰው 1,150 ዶላር ከየት ያመጣል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም ያንን ገንዘብ የከፈልኩት በአራት ወር ነው። በመለጠፍ መኖር ነውር አይደለም። አዲስ አበባ በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ለስንት ዐሥርት ዓመታት ተመላልሳለች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በትንንሾቹ ፊያት ሴይቼንቶ። ዕድሜያቸው ያለፈ ተብለው በሌላ አገር በተጣሉ ነበር። የእኛ መካኒኮች ከጣሊያንኛ በወረሷቸው ቃላት፣ በፋሻና በቴስታታ፣ በብሮንዚንና በካንዴላ፣ ከአንዱ አውጥተው ለሌላው እየገጠሙ አኑረዋቸዋል። ነገር ግን ያ መለጠፍ የተደበቀ አልነበረም። ሹፌሩ ያውቃል፣ ተሳፋሪው ይሰማል፣ ገዢውም መካኒኩን አስከትሎ ይመጣል። እኔ የምቃወመው ልጥፉን መቀባትን ነው። አቅም የሌለው ሰው በየሳምንቱ ዘይት እየጨመረ ይንዳ፤ ሲሸጥ ግን ዘይት እንደምትበላ ይናገር። እውነት መናገር ገንዘብ ያስቀንሳል እንጂ ገንዘብ አያስወጣም።

ሁለተኛው የብልኅ ተቃውሞ ነው። ለብረት ይህን ያህል ማሰብ አምልኮ አይሆንም? ሊሆን ይችላል። አካሏ በዝገት በተበላ መኪና ላይ 2,600 ዶላር ማፍሰስ ፍቅር ሳይሆን ግትርነት ነው። መለካት ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ልኬት ከሚገባው በታች ከመስጠትም በላይ ከመስጠትም ያድናል። ደግሞም ጉዳዩ የብረት ብቻ አይደለም። የተቃጠለው ዘይት ከኋላዬ በሚሄደው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል። በዘይት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ እየሸፈነ ያመክነዋል። እኔ ያልከፈልኩትን ጥገና ስሜን የማያውቅ እግረኛ በየቀኑ ይከፍልልኛል።

በመጨረሻ የመረጥኩት ሁለተኛውን መንገድ ነው። ፋሻዎቹ፣ ብሮንዚኖቹ፣ የቫልቮቹ ጎማዎችና የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተለወጡ። ወጣቱንም ጠርቼ ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት፤ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ወረቀት አሳየሁት፤ መኪናዋንም እንደማልሸጣት ነገርኩት። አላመሰገነኝም። መኪና በቸኮለበት ሰዓት ተስፋውን ስለቆረጥኩበት ቅር ብሎት ሄደ። አልፈርድበትም። ከአንድ ወር በኋላ ደውሎ፣ ሌላ መኪና ሊገዛ ሲል ሻጩን «ኮምፕሬሽኑን እናስለካ» ቢለው ስልኩን እንደዘጋበት ነገረኝ። ሦስተኛው ሻጭ ግን እሺ አለው። እውነት መናገሬ ያተረፈለት ነገር ቢኖር ይህች ጥያቄ ናት።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት አገለገለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታችኛው አካሏ በክረምት ጨው ዝጎ ዓመታዊውን የደኅንነት ምርመራ ሳታልፍ ቀረች፤ በ231 ሺህ ማይልም ለቁርጥራጭ ብረት ሄደች። ሞተሯ እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ ቁልፍ ይነሣ ነበር። «ብዙም አልቆይም» ያልኩት እኔም ከእርስዋ ይልቅ ቆይቻለሁ፤ ዛሬም እዚሁ ነኝ።

ለጋሼ ጥያቄ ዛሬም ትክክለኛ ቁጥር የለኝም። ስደተኛ የቆይታውን ዘመን አያውቅም፤ ስደተኛ ያልሆነውም ቢሆን አያውቀውም። የተረዳሁት ግን ይህን ነው፤ ለነገሮች የሚገባቸው እንክብካቤ በእኛ የቆይታ ዘመን አይለካም። መለካት ያለበት በነገሩ ትክክለኛ ሁኔታ፣ በእኛ እውነተኛ አቅምና ከእኛ በኋላ በሚረከበው ሰው ነው። ያን ሰው ፊቱን የማውቀው፣ በቋንቋዬ «ጋሼ» የሚለኝ አድርጌ ባስበው ውሳኔው ይቀለኛል። ሌላ መኪና ገዝቼ ወደ ጋራዡ ስሄድ ጋሼ እንደ ልማዳቸው «ይህቺንስ ስንት ዓመት?» አሉኝ። «አላውቅም ጋሼ፤ አራቱንም ጎማ ግን አዲስ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።